የአሰለፈች አራት ከተሞች

ቢዳር፣ ሕንድ
ኅዳር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ፣ ለእህቴ ለአሰለፈች፣

ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው ሰላምታዬ በጤና ያግኝሽ። እኔ በእመቤታችን ጥበቃ ደህና ነኝ፤ ሆዴም እስካሁን ቅመማቸውን ችሎታል። የምትንከባከቢያቸው አሮጊት ሲኞራ ኢዳ እንዴት ናቸው? የእሳቸው ጤና የአንቺ ዕረፍት ነውና አስቀድሜ መጠየቄ ለዚህ ነው።

በወረቀት ጽፌ በስልክ ፎቶ አንስቼ ስልክልሽ ምን ነካት እንዳትዪ። ደብረ ብርሃን ሰባተኛ ክፍል ሳለን ሕንዳዊው የጂኦግራፊ መምህራችን ሚስተር ኩሩቪላ ያወጡልንን ሕግ አትረሺውም። ቦታ ያየ ሰው ላላየ ሰው በእጁ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ያልጻፈ አላየም ይሉን ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት አለፈው። እኔም ዛሬ በአዲስ አበባ ጂኦግራፊ የማስተምራቸውን ልጆች የማሰለቻቸው በዚሁ ሕግ ነው።

ሃይደራባድ የነበረን የመምህራን ሥልጠና አልቋል። ጓደኞቼ ታጅ ማሃልን ካላየን ብለው ሄዱ። እኔ ግን የአንድ ወር ፈቃድ አለኝና ሚስተር ኩሩቪላ የሰጡንን ዝርዝር ይዤ ወጣሁ። አራቱን ከተሞች ታውቂያቸዋለሽ፦ ቢዳር፣ ማንዱ፣ ኦርቻ፣ ኮዱንጋሉር። ትልልቁን ቦታ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ እናንተ ትንንሾቹን እዩልኝ ብለው የጻፏቸው ናቸው።

ቢዳር ቀይ ግንብ ያላት ጸጥ ያለች ከተማ ናት። በየጠባቡ መንገድ አንጥረኞች ቁጭ ብለው በጥቁር ብረት ላይ የብር ክር ይቀጠቅጣሉ። ብረቱን የሚያጠቁረው ከአሮጌው ምሽግ የሚቆፈር አፈር ነው፤ ሽማግሌው አንጥረኛ ደህና አፈር መሆኑን በምላሱ ቀምሶ ሲለይ በዓይኔ አየሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ የሐበሾች አምባ የሚባል ኮረብታ አለ። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ከእኛ ወገን ተሻግረው እዚህ ሹማምንት የሆኑ ሰዎች መቃብር አለበት። ባለ ባጃጁ ፊቴን አየና ዘመድ ልትጠይቂ መጣሽ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት።

እዚያ ተቀምጬ አንቺን አሰብኩ። ጠዋት ላም አልበሽ እስክትመጪ ድረስ በስም ጥሪ ስምሽ ሲጠራ «አቤት» የምልልሽ እኔ ነበርኩ። ሰማንያ ተማሪ ባለበት ክፍል ማን ያውቃል።

ከዚህ ምን ላምጣልሽ?

እህትሽ ፍሬሕይወት


ሮም፣ ቶር ፒኛታራ
ኅዳር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ለአጎቴ ልጅ ለፍሬሕይወት፣

በመንገድሽ ሁሉ መልአኩ ኡራኤል ይቅደምልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሲኞራም ደህና ናቸው፣ ከሐሙስ በቀር። ሐሙስ ከሰዓት የእኔ የዕረፍት ሰዓት ስለሆነ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ይታመማሉ። ካፖርቴን ሳነሣ ልባቸውን ይይዛሉ፣ ካፖርቴን ስሰቅል ይድናሉ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ በእኔ የአምስት ሰዓት ዕረፍት ይቀናሉ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ ደስታዬ ቀነሰ። በሦስተኛው ስሙን ልጥራው ብዬ ቁጭ አልኩ፤ ቅናት ነው። እኔ ውጭ አገር ያለሁት፣ ደብረ ብርሃን ያለ ዘመድ ሁሉ ታድላ የሚለኝ፣ ዝነኛውን የጥንት ስታዲየም ኮሎሴዮን የማውቀው ከአውቶብስ መስኮት ነው። አንቺ ከቤትሽ በወጣሽ በሦስተኛው ሳምንት ኮረብታ ላይ ተቀምጠሽ ነፋስ ትቀበያለሽ።

አንድ ነገር ላርምሽ። ዝርዝሩ ለሁለታችን አልተሰጠም። ለእኔ ነው የተሰጠው። የሕንድን ካርታ በቃሌ የሳልኩ ቀን፣ ባሕሩን አጥብቤ ሕንድን ከእኛ ጋር ላስነካ ትንሽ ሲቀረኝ፣ ክፍሉ ሲስቅ እሳቸው አልሳቁም። «ይሄ ስሕተት አይደለም፣ ምኞት ነው» አሉና ከደብተራቸው አንድ ገጽ ገንጥለው ጻፉልኝ። ከሳምንት በኋላ ጠፋብኝ። ከየት አገኘሽው?

ከዚያ ከጥቁሩ ብረት ትንሽ ዕቃ አምጪልኝ። የጆሮ ጌጥ ማስቀመጫ ብትሆን ደስ ይለኛል።

አሰለፈች


ማንዱ
ኅዳር 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአሰለፈች፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ አውቶብሱ ወገቤን ቢያንገላታውም።

ማንዱ ተራራ ራስ ላይ ያለች፣ ነገሥታቱ ሄደው ፍየሎቹ የቀሩባት ከተማ ናት። በሁለት ኩሬ መካከል የቆመ ረጅም ቤተ መንግሥት አለ፤ ዝናብ ሲሞላው መርከብ ይመስላል ይላሉ። በየሜዳው ደግሞ የባኦባብ ዛፍ አለ። ከአፍሪካ በነጋዴዎች እጅ መጣ ተብሎ የሚታመን ዛፍ ነው፤ ሴቶቹ ፍሬውን በመንገድ ዳር ይሸጡታል፣ ጎምዛዛ ነው። ግንዱን አምስት ሆነን ተያይዘን ልንከበው አልቻልንም። አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ ግቢውን ከፍቶ ሻይ ሰጠኝ፤ ስለ ዝናብና ስለ ደመወዝ በእጅ ምልክት ተጫወትን።

ያልሽውን ዕቃ ገዝቻለሁ። ክዳኗ ላይ ወፍ አለባት።

ለሲኞራ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ፍሬሕይወት


ሮም
ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ለፍሬሕይወት፣

ሰላምታው ይቆይና ጥያቄዬን ዘለልሽው። ስለ ዛፍ ስለ ፍየል ስለ ዘበኛ ጻፍሽ፤ ወረቀቴን ከየት አገኘሽው ብዬ ነበር የጠየቅኩሽ። መምህር ነሽና ተማሪ እንዲህ ሲመልስ ምን እንደምትሰጪው አንቺ ታውቂያለሽ።

ዛሬ አምስት ሰዓቴን ምን እንዳደረግኩበት ልንገርሽ። ሰላም ፓላስ ሄድኩ። እኛ ስደተኞች የምንጠጋበት የቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ነው፤ ወዳጄ ኣስገደት ከተሰደደች ጀምሮ እዚያ ትኖራለች። ፀጉሬን ሠራችኝ፣ ሶፋዋ ላይ ተኛሁ፣ ተነሣሁ፣ ተመለስኩ። አሥራ አምስት ዓመት ሐሙሴ ይህ ነው። ያንቺን ደብዳቤ ሳነብላት ኣስገደት «እንግዲህ አንቺም ሂጂ» አለችኝ። በምን ልሂድ? ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እድሳት ላይ ነው፣ በእጄ ያለው ሪቼቩታ፣ ደረሰኙ፣ ብቻ ነው፣ እሱን ይዤ የትም አልደርስም። ደግሞ ሲኞራን ማን ያነሣቸዋል?

ፎቶሽን አየሁት። ከዛፉ ሥር በነጭ ነጠላ ቆመሽ ትስቂያለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዓይኔን ነው ያቃጠለኝ። ዛፉ ቢወድቅባት አላልኩም፤ ግን ፎቶው ደብዛዛ በሆነ ብያለሁ።

የብረቷን ዕቃ ተያት። የወረቀቱን ፎቶ ላኪልኝ፣ የእጅ ጽሕፈታቸውን ልየው።

አሰለፈች


ኦርቻ
ኅዳር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሴ፣

የወረቀቱን ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። እጥፋቱ ላይ ተቀዷል፤ ፊደሉ ግን ሁሉም ይነበባል። ከግርጌ በትንሹ የጻፉትን አላስተዋልሽው እንደሆነ፣ ኮዱንጋሉር የእኔ ከተማ ነው፣ ቤቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው ይላል።

ከጂኦግራፊ መጽሐፍሽ ውስጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ካርታሽን ባዩበት ቀን የእኔም ካርታ ነበረ፤ ባሕሩ በልኩ፣ ከተሞቹ በቦታቸው። ትክክል ብለው አለፉኝ። ትክክል ለሠራው ልጅ አንድ ቃል፣ ለተሳሳተችው ልጅ አንድ ገጽ። በሳምንቱ አንድ ማታ ወሰድኩት። ሁለት ቀን ስትፈልጊ አብሬሽ ፈለግኩ፣ አልጋ ሥር ገብቼ ጭምር። ስታለቅሺም አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ግን ከልቤ ነበር፣ ይህን እመኚኝ። ከዚያ በኋላ ለመመለስ አፈርኩ፣ አንቺም አገር ለቀሽ ሄድሽ፣ ወረቀቱ እኔ ዘንድ አረጀ።

እዚህ ኦርቻ ወንዝ ዳር የነገሥታት መታሰቢያ ግንቦች በሰልፍ ቆመዋል፣ ጫፋቸው ላይ ጥንብ አንሣዎች ጎጆ ሠርተዋል። ከተማው መሐል ደግሞ አምላካቸውን እንደ ንጉሥ የሚያዩበት ቤተ መቅደስ አለ፤ ፖሊስ በየቀኑ የክብር ሰላምታ ይሰጠዋል። አንቺ ብታዪው በሳቅ ትሞቺ ነበር። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ፍሬሕይወት


ሮም
ኅዳር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ለፍሬሕይወት፣

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። አልጋ ሥር የገባሽው ነው የሚያናድደኝ። ስትወጪ ግንባርሽ ላይ የሸረሪት ድር ነበረብሽ፣ እኔ ነኝ የጠረግኩልሽ።

ዛሬ ሲኞራ ልባቸውን ሳይዙ ገና ካፖርቴን ሰቀልኩ። ግራ ገብቷቸው ምን ሆንሽ አሉኝ። እህቴ ዕድሜዬን ተጓዘችብኝ አልኳቸው። አሎራ፣ እንግዲያው ተቀመጪና ንገሪኝ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሙስ ቀን ደህና ዋሉ።

እንግዲህ ስሚኝ። ቢዳርን አይተሻል፣ ማንዱን አይተሻል፣ ኦርቻ ላይ ነሽ። ሦስቱን መርቄልሻለሁ፣ ይብሉሽ አልልም። አራተኛውን ተዪልኝ። ኮዱንጋሉር አትሂጂ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን በር የማንኳኳው እኔ ነኝ፤ ሚስተር ኩሩቪላ በሕይወት ቢኖሩም፣ ባይኖሩና መቃብራቸውን ብጠይቅም። መቼ እንደሆነ አላውቅም። ፔርሜሶዬ ሲወጣ፣ ወይም ሲኞራን እግዜር ሲያሳርፋቸው፣ ወይም በስተርጅናዬ። ላም አለኝ በሰማይ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ላሚቱ የእኔ ናት፣ አንቺ አትለቢያት።

ሌላ ምንም አላስቸግርሽም። ቃልሽን ብቻ ላኪልኝ።

አሰለፈች


ኦርቻ
ኅዳር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሴ፣ ቃሌ ነው። ኮዱንጋሉር የአንቺ ነው፣ አልሄድም። ይቅር በዪኝ።

ፍሬ


ሮም
ታኅሣሥ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ፍሬ፣ ቃልሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፅሽ የለም። አዲስ አበባ መግባትሽን ከሰው ነው የሰማሁት። ዝም ያልሽው ደህና ሆነሽ እንደሆነ ደግ። ሌላ ነገር ከሆነ ግን ንገሪኝ፣ ሆዴ አንድ ነገር ይለኛል።

አሰለፈች


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአሰለፈች፣

ትናንት ገብርኤል ቆሜ ነበር፤ ከእሱ ፊት የተናዘዝኩትን ለአንቺም ልጻፍልሽ።

ሄድኩ።

ፈቃዴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶ ነበር። ከኦርቻ እስከዚያ በባቡር ሁለት ቀን ሙሉ ነው። በየጣቢያው ቆመን ነበር፤ በየትኛውም ወርጄ መመለስ እችል ነበር። አልወረድኩም። ቀናሁ፣ አሴ። አንቺ ሮም ሆነሽ የምቀናው አንቺ ብቻ ነሽ ብለሽ ታስቢያለሽ። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ስቀና ነው የኖርኩት። አንድ በር እንኳ ከአንቺ ቀድሜ ላንኳኳ ብዬ ነው።

ኮዱንጋሉር ኮኮናት የሞላባት፣ ወንዝና ባሕር የሚገናኙባት ዝምተኛ ከተማ ናት። ሐዋርያው ቶማስ በመርከብ የወረደው እዚህ ነው ብለው ያምናሉ። ከትንሿ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ሰማያዊ በር አለ። ምራታቸው ከፈተችልኝ። ከኢትዮጵያ ነኝ አልኩ። ከውስጥ፣ ከበረንዳው፣ ያ ድምፅ መጣ።

«አሰለፈች?»

በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ድምፃቸው ግን ያው ሰሌዳ ፊት ቆመው ያስተምሩበት የነበረው ነው። ስምሽን በስም ጥሪ እንደሚጠሩት ነው የጠሩት። አፌ ቀደመኝ። «አቤት» አልኩ።

ሁለት ሰዓት አንቺን ሆኜ ተቀመጥኩ። ካርታ ላይ ባሕሩን አሁንም ታጠብቢያለሽ ወይ አሉኝ፤ አዎ አልኩ። ከተሞቹን ጠየቁኝ፤ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፣ የአንጥረኛውን ምላስ ስነግራቸው ሳቁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለውን ያን ቀን ገባኝ፤ ሲያመሰግኑኝ ፊቴ ይቃጠል ነበር። ከዚያ ከጎንሽ የምትቀመጠው፣ ሁሉን በልኩ የምትሠራው ልጅ የት ደረሰች አሉ። ስለ እኔ ነው የሚጠይቁት። ሮም ናት፣ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች አልኳቸው። ሮምን የምታይ ታድላለች፣ እኔ ሳላያት ልሞት ነው አሉ።

ልሰናበት ስነሣ እጄን ያዙ። ያሉኝን እንዳለ እጽፍልሻለሁ።

«ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልጠፋም፣ ፍሬሕይወት። ያኔም ለሁለት ስም አንድ ድምፅ ሲመልስ እሰማ ነበር። እህቷን ወዳ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ያልመጣችውን ልጅ ንገሪያት፤ ስሟን ጠርቻለሁ፣ ራሷ ትመልስ። ሮም ምን እንደምትመስል ትጻፍልኝ፣ ምራቴ ታነብልኛለች።»

አድራሻቸውን ከጀርባው ጽፌ ዋናውን ወረቀት በፖስታ ልኬልሻለሁ። የብረቷንም ዕቃ። ብትጥያትም መብትሽ ነው።

ፍሬሕይወት


ሮም
ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ለፍሬሕይወት፣

ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩሽ ለመቅጣት ነው። መልእክትሽን ማንበቤን የሚያሳየውን የስልኩን ሰማያዊ ምልክት እያየሽ እንድትብሰለሰዪ። መልካም ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

ተናድጃለሁ፣ አሁንም እናደዳለሁ። ድምፃቸውን የሰማሽው አንቺ፣ እጅሽን የያዙት የአንቺን። እኔ ዘንድ የደረሰው ሰማያዊ በር በወሬ ነው። ይህን መቼም አልተውልሽም፣ ስንሞትም እንከራከርበታለን።

ግን ያዘዙኝ ነገር አላስተኛ አለኝ። ሮም ምን ትመስላለች? ተቀምጬ ልጽፍ ብዬ ወረቀት ብዘረጋ የሲኞራ ኩሽና፣ የመድኃኒት ቤቱ ወረፋ፣ የኣስገደት ሶፋ። በቃ። አሥራ አምስት ዓመት፣ ለአንድ ዓይነ ስውር የምነግረው ነገር አጣሁ። ያን ቀን ከአንቺ ይልቅ በራሴ ተናደድኩ።

ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ ሲኞራ ልባቸውን ሲይዙ ካፖርቴን ለበስኩ። ሲኞራ፣ የቤት ሥራ አለብኝ አልኳቸው። እጃቸውን ከደረታቸው አወረዱና «ቫ ቤኔ፣ እሺ፤ ግን ስትመለሺ ሁሉንም ትነግሪኛለሽ» አሉ።

ኮሎሴዮ አልሄድኩም። ትልልቁን ሰው ሁሉ ያየዋል። ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ሄድኩ። መጀመሪያ ከባሕር የመጣሁ ጊዜ የስደተኛ መቀበያው ያለው ከሷ በታች፣ ሜዳው ላይ ነበር፤ ስምንት ወር ወረቀት እየጠበቅኩ ከመስኮት የማያት ኮረብታ ላይ ያለች አሮጌ ከተማ ናት። አንድ ቀን አልወጣኋትም። የእኔ አልመሰለችኝማ።

ከሳክሳ ሩብራ ጣቢያ በአውቶብስ ሄጄ በእግሬ ወጣሁ። መንገዶቿ ጠባብ ናቸው፣ ደረጃው በእግር ብዛት መሐሉ ጎድጉዷል። ከላይ የመኳንንት ግንብ አለ። በአንድ መስኮት ላይ ባሲሊኮ የሚሉት የበሶብላ ተክል ከብርዱ በላስቲክ ተሸፍኗል። ድመት አለ፣ ሰው የለም። አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና ሥራ ፍለጋ ነው ወይ፣ እኅቴ ሴት ትፈልግ ነበር አለኝ።

«ለማየት ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ማንን?»

«ከተማውን።»

ኮፍያውን አነሣልኝ፣ ፍሬ። ከዚያ ቁልፍ አምጥቶ የአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በር ከፈተልኝ። ስሜን አልጠየቀኝም፣ ወረቀቴንም አልጠየቀኝም። ከአጥሩ ጫፍ ቆሜ ቁልቁል ሳይ መቀበያው የነበረበት ሜዳ ትንሽ ሆኖ ታየኝ። አለቀስኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ እዚያው በጉልበቴ ላይ ጻፍኩላቸው፣ አራት ገጽ፣ ያኔ በተማርናት እንግሊዝኛ፣ ጣቴ በብርድ እየደነዘዘ። ለሲኞራም ማታ ወደ ጣሊያንኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። የሚመጣው ሐሙስ የት ነው ብለው ከእኔ በላይ ተቻኩለዋል።

የብረቷ ዕቃ ደርሳለች፣ ወፏ ታምራለች። ወረቀቱን አጥፌ ከውስጧ አስቀምጬዋለሁ፤ እዚህ አልጋ ሥር የሚገባ ሌባ የለም። አሁንም እቀናብሻለሁ። አንቺም ቅኚብኝ፣ ድመቷን አላየሻትም።

ለሚስተር ኩሩቪላ ደብዳቤውን ዛሬ ፖስታ ቤት ወስጄ ሰጠሁ። እንዴት ብዬ እንደጀመርኩት እንድታውቂ የመጀመሪያውን መስመር በአማርኛ ገልብጬልሻለሁ፦

«አቤት፣ መምህር። አሰለፈች ነኝ፣ ይኸው መጣሁ።»